ጫካ የገባው ማን ነው

ተማሪዎቼ ከኋላዬ «እትዬ ማን» ይሉኝ ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በሯ ላይ «የተማሪዎች ምክር» የሚል ወረቀት የተለጠፈባት ጠባብ ክፍል ነበረችኝ። ልጅ ገብቶ «መታኝ» ካለ «ማን?» እላለሁ። «ትቶን ሄደ» ካለች «ማን?» እላለሁ። አንዳንዱ ይሰለቸዋል። አንዲት ደፋር ልጅማ «እትዬ፣ ጆሮዎ አይሰማም እንዴ?» ብላኛለች። ጆሮዬ ደህና ነው። ጉዱ ያለው እሱ ጋ አይደለም።

ወጣት አስተማሪዎች ይህን ሥራ የት እንደተማርኩት ሲጠይቁኝ፣ አዲስ አበባ ኮርስ ወስጃለሁ እላቸዋለሁ። ወስጃለሁም፤ ወረቀቱም አለኝ። ሥራውን የተማርኩት ግን ዲላ ነው፣ በጣሊያን ጊዜ፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ። የተማርኩትም በአንድ ምንም ባላጠፋ ሰው ላይ ነው።

አባቴ ከሰሜን መጥቶ ዲላ የሰፈረ ወታደር ነበር። ጦርነቱ ሲነሳ ዘመተና በዚያው ቀረ። እናቴ ጠላ እየሸጠች አራት ልጆች ለማሳደግ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ያን ጊዜ የጣሊያን መነኮሳት ከተማው ውስጥ፣ አንድ ሹም ጥሎት በሸሸው ግቢ፣ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። እኔ ልብስ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። አፌ ፈጣን ስለነበር ጣሊያንኛውን ከልብሱ ጋር አብሬ ለቃቀምኩት። የአማርኛ ፊደል ቤታችን ውስጥ ቆጥሬ ስለነበር የነሱንም ፊደል ለመያዝ ጊዜ አልፈጀብኝም። ዋናዋ መነኩሲት ይህን ስታይ ከገንዳው አነሳችኝ።

ልጆቹ «ሱዎራ» ይሏት ነበር፤ በነሱ ቋንቋ እህት ማለት ነው። እናቴ ግን «እማሆይ» ማለት ሞቷ ነበር። «ያቺ ሴትዮሽ ዛሬ ምን አለች?» ነው የምትለኝ። ሱዎራ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ሥርዓት የምትወድ፣ ያልተጻፈ ነገር የሌለ የሚመስላት ሴት ነበረች። ያስቸገራት ነገር የልጆቹ መቅረት ነው። ሰኞ ሠላሳ ልጅ ያለበት ክፍል ሐሙስ አሥራ ሁለት ይሆናል። የሚመጡትም አንዳንዶቹ ጥግ ይዘው ያለቅሳሉ፣ አንዳንዶቹ ሳምንት ሙሉ አይናገሩም።

«አንቺን ይወዱሻል» አለችኝ። «ለምን እንደሚቀሩ፣ ለምን እንደሚያለቅሱ ጠይቂና ጻፊልኝ።»

እንዲህ ሆኜ ነው አማካሪ የሆንኩት፤ ስሙን ማንም ሳያውቀው። በወር የምትሰፈርልኝ የፉርኖ ዱቄት እናቴንና ታናናሾቼን ታበላ ስለነበር ደግሞ ሥራዬን በደንብ ነበር የያዝኩት።

አንድ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር ሰጠችኝ። በየገጹ ሦስት ዓምድ ተሰምሮበታል፤ ስም፣ የቀረበት ቀን፣ ምክንያት። የምክንያቱ ዓምድ ከሁሉም ጠባብ ነው። «ሦስት ቃል» አለች ሱዎራ፣ ሦስት ጣቷን አንስታ። «ከሦስት ቃል አይብለጥ።» መጀመሪያ ተቸገርኩ። የሰው ልጅ መከራ እንዴት ሦስት ቃል ይሆናል? ኋላ ግን ለመድኩትና እንዲያውም ጨዋታ ሆነልኝ። «እናቷ ወለደች» ብዬ አንድ ቃል ሲተርፈኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ክፍል ውስጥ አማርኛ ክልክል ነው። እኔ ግን ልጆቹን የማነጋግረው ግቢው ጥግ ካለችው ዋንዛ ሥር ስለነበር ማንም አይከለክለኝም። አብዛኞቹ የጌዴኦ ልጆች ናቸው፤ አማርኛን ከገበያ ነው የለቀሙት። የኔም ጌዴኦኛ ከገበያ የማያልፍ ስለነበር መሃል ላይ በአማርኛ እንገናኛለን። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። ሁሉም ነገር ወንድ ነው፤ እናትም ይመጣል፣ ዶሮም እንቁላል ይጥላል፣ እኔም «አንተ» ነኝ።

ከሁሉም የምትብስ አንዲት ከጪጩ በኩል የምትመጣ ልጅ ነበረች። ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ጥርሷ ፍንጭት፣ ሳቂታ፣ አማርኛ ለመናገር ነፍሷ የምትወጣ ልጅ። ጠዋት ጠዋት ከበሩ ጀምራ «እትዬ! አንተ ደህና አደርክ?» ትለኛለች።

«ፂም አለኝ እንዴ?» እላታለሁ፣ አገጬን እየዳሰስኩ።

ትስቃለች፤ ታስተካክላለች። «አንቺ ደህና አደርሽ።»

«ጎበዝ!» እላታለሁ። በትክክል በተናገረች ቁጥር «ጎበዝ» እላት ነበር፤ ልማድ ሆኖብኝ ነበር። እሷም ያችን ቃል ለመስማት ብላ ነው መሰለኝ አንዳንዴ አውቃ ትሳሳት ነበር። እወዳት ነበር። ልጅ ሁሉ እኩል ነው እያልኩ ኖሬአለሁ፤ ውሸቴን ነው፣ እሷን አስበልጬ እወዳት ነበር።

የቡና ለቀማው በደረሰበት ወቅት፣ ከወናጎ በላይ ባለው መንገድ የጣሊያን ካሚዮን ላይ ተተኮሰ። ከዚያ በኋላ ከተማው ትንፋሹን ዋጠ። በየቀኑ ባንዳ ወደ ገጠር ይወጣል፤ በየቀኑ ሰው ታስሮ ይመጣል። ሰው ሲጠፋ ስሙን ጠርቶ የሚጠይቅ የለም። «ጫካ ገባ» ይባላል፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፤ ሁሉም ይገባዋል፣ ሁሉም ዝም ይላል። እናቴ ይህን ቃል ስትሰማ ታማትብ ነበር።

በዚያው ሳምንት ያቺ ልጅ ሰኞና ማክሰኞ ቀረች። ሱዎራ ሦስት ጊዜ የቀረ ልጅ ይባረር የሚል ሕግ አውጥታ ስለነበር ተጨነቅኩላት። ረቡዕ ስትመጣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ ዓይኗ አብጧል። ዋንዛዋ ሥር አስቀመጥኳት።

«ምን ሆነሽ ነው የቀረሽው?»

ዙሪያዋን አየት አደረገችና «ጫካ ገባ» አለችኝ። «ሁለት ቀን እንፈልጋለን። አልተገኘም።»

ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «መቼ ነው የገባው?»

«እሁድ። እናቴ ያለቅሳል። ጅብ ይበላዋል ይላል።»

እናቷ ናት የምታለቅሰው። «ያለቅሳል» ስትል እንኳ ሰምቻታለሁ፤ በጆሮዬ ሰምቼ በልቤ አርሜዋለሁ። «ገባ» የሚለውን ግን እንዳለ ተቀበልኩት። ዓመት ሙሉ ስስቅበት የኖርኩትን ስህተት፣ አንዷን ቀን፣ ስህተት መሆኑ ጠፋኝ። ማን እንደገባ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነውር መስሎኝ ነው። እንዲያውም በራሴ ኮራሁ፤ ቁስል ሳልነካ፣ ስም ሳላስጠራ፣ በለሆሳስ ያዝኳት ብዬ።

«አይዞሽ፣ እግዜር ይመልሰዋል» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ደብተሩን ከፈትኩ። ያን ሰሞን ሱዎራ ከምታስነብበኝ መጽሐፍ አንድ አባባል ይዤ ነበር። ሽፍታ ሆኖ ጫካ ለገባ ሰው ጣሊያኖቹ «አላ ማኪያ» ይላሉ። ከኛው አባባል ጋር እንዲህ ልክክ ማለቱ ገርሞኝ የምጽፍበት ቦታ ስፈልግ ነበር። «ፓድሬ አላ ማኪያ» ብዬ ጻፍኩ። አባቷ ጫካ ገባ። ልክ ሦስት ቃል። ሱዎራ አንብባ ልጅቷን ታዝንላታለች፣ አታባርራትም ብዬ ነው፤ ይህ እውነት ነው፣ ለልጅቷ ብዬ ነው። ጽሕፈቴ አምሮ ሲታየኝ ደስ ማለቱም እውነት ነው።

ደብተሩ ከሱዎራ መሳቢያ የሚወጣ አይመስለኝም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ከበሩ ጀምራ እየሮጠች መጣች። «እትዬ! ተገኘ! ተገኘ!»

አፏን በእጄ ያዝኩት። ግቢው ውስጥ የባንዳ ልጆች ነበሩ። ወደ ዋንዛዋ ሥር ጎትቼ ወሰድኳትና «ዝም በይ» አልኳት። «ለማንም እንዳትናገሪ።»

ግራ ገባት። «ለምን? ከወንዝ ማዶ ተገኘ። ደህና ነው። ወተት አለው።»

«ምን አለው?»

«ወተት። ትናንት አለብን።» ከዚያ የተሳሳተችው ነገር ገባትና ሳቀች፤ ያቺ ፍንጭት ጥርሷ ታየች። «ወተት አላት። ላሟ ተገኘች።»

«ጎበዝ» የምትለዋን ቃል ስትጠብቅ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር። እኔ የጠየቅኳት ሌላ ነው።

«አባትሽስ?»

«አባቴ? ቤት ነው። ቡና ይለቅማል።»

ወደ ሱዎራ ክፍል ሮጥኩ። መሳቢያው ባዶ ነው። ደብተሩ የት ሄደ ስላት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዱቄቱ ጥያቄ ጋር ሬዚደንት ወደሚሉት የከተማው ጣሊያን ገዥ ቢሮ እንደሚላክ፣ ማክሰኞ እንደሚመለስ ነገረችኝ። ከጀመርን ጀምሮ እንዲህ ነበር አለች። ስንት ልጅ እንደሚበላ እንዲያዩ ነው። አንድ ነገር ተሳስቼ ጽፌአለሁ ስላት ቀና ብላ አላየችኝም። «ማክሰኞ ሲመለስ አርሚው» አለችኝ።

እኩለ ቀን ላይ ወደ ሬዚደንቱ ግቢ ሄድኩ። በሩ ላይ አስካሪ የሚባለው የጣሊያኖቹ ጥቁር ወታደር ቆሟል። አስተርጓሚውን አስጠራሁት፤ አባቴን የሚያውቅ፣ የኛ ሰፈር ሰው ነው፣ ጋሼ የምለው። የሆነውን ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ።

«ጽሕፈቱ ያንቺ ነው?»

«አዎ ጋሼ። ላም ናት። ላሟ ናት ጫካ የገባችው። ልጅቷ ገባ ስላለች ነው እንጂ…»

«ይኸውልሽ» አለኝ፣ «ይህን ገብተሽ ለሬዚደንቱ ብትነግሪው፣ ለምን ዋሸሽ ይልሻል። አሁን ነው የዋሸሽው ወይስ ያኔ ይልሻል። ሽፍታውን ልትሸፍኚለት ነው የመጣሽው ይልሻል። እናትሽን አስቢ። ሂጂ፣ ቤትሽ ግቢ።»

«ወረቀቱን አይተውታል?»

ተመልሶ ወደ ቢሮው ገባ። አስካሪው መንገድ እንድለቅ በጠመንጃው አፈሙዝ አመለከተኝ። እኔም ለቀቅኩ። በሩ አልተዘጋብኝም ነበር፤ አስተርጓሚውም እጄን አልያዘኝም። እግሬ ተሳስሮ ነው እንዳልል በደንብ እየተራመድኩ ነው የተመለስኩት።

መንገድ ላይ ወደ ጪጩ መውረድን አሰብኩ። ሩቅ አይደለም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሼ እመለስ ነበር። ግን አባቷን ምን እለዋለሁ? ሊይዙህ ነው ብዬ ብነግረው ይሸሻል። ከሸሸ ጫካ ይገባል። ጫካ ከገባ የጻፍኩት እውነት ይሆናል፤ ቤቱን ያቃጥሉታል። ይህ ሁሉ ሐሳብ ትክክል ይመስላል። ደጋግሜ አስቤዋለሁ፣ አሁንም ትክክል ይመስላል። ያም ሆኖ ያልሄድኩት አስቤ አይደለም። ፈርቼ ነው።

ማክሰኞ ልጅቷ ቀረች። ደብተሩ ግን ተመለሰ። ከሦስቱ ቃላቴ ሥር በሰማያዊ እርሳስ አንድ መስመር ተሰምሯል፤ ሌላ ምንም አልተጻፈም። ረቡዕ ዕለት አንድ የሷ ጎረቤት የሆነ ተማሪ ነገረኝ። ሰውየውን ከቡናው መሃል ነው የያዙት፣ የለቀመበት ቅርጫት አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ። ካሚዮን ላይ ሲጭኑት ቅርጫቱን ለልጁ ሊሰጥ ዘረጋው፤ ባንዳው ነጠቀውና ወረወረው። ቀዩን ቡና ልጅቷ ከመንገዱ ላይ ስትለቅም ቀረች አለኝ። ወዴት እንደወሰዱት የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬም የሚያውቅ አላገኘሁም።

ለሱዎራ ነገርኳት፤ ሁሉንም፣ ላሟን ጭምር። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ «መንግሥት እኛ የማናውቀውን ያውቃል» አለችና መቁጠሪያዋን አነሳች። ደብተሩን ግን አልተወችውም። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄደ።

እኔም መጻፌን አልተውኩም፤ ዱቄቱን መተው አልቻልኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የዲላ ልጆች በሙሉ አንድ በሽታ ያዛቸው። አባቱ የታሰረበትም፣ ለቤተሰቡ ቡና ሲለቅም የዋለውም፣ እናቷ የሞተችባትም፣ ሁሉም «ሆዱን አሞት» ሆነ። ሱዎራ ወረርሽኝ መስሏት ልጆቹን አሰልፋ የጉሎ ዘይት አጠጣቻቸው። አንድ በአንድ ፊታቸውን እያጨማደዱ ሲውጡ ቆሜ አየሁ። ያን ቀን ከሌላው ሁሉ ይልቅ መሳቅ አማረኝ፤ ስቄም ነበር፣ ከእንጨት ቤቱ ጀርባ ሄጄ፣ እስካስመልሰኝ ድረስ።

ልጅቷ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰች፤ ሱዎራም ያን ሕግ አላነሳችባትም። ከዚያ በኋላ አውቃ አትሳሳትም፣ ሳታውቅም አትሳሳትም። ከመናገሯ በፊት ቆም ትላለች፤ ቃሉን በአፏ ውስጥ ታገላብጣለች፤ ከዚያ አስተካክላ ታወጣዋለች። አንድ ቀን ዋንዛዋ ሥር መጥታ «እትዬ፣ አንቺ መጻፍ ታውቂያለሽ» አለችኝ። «አባቴን እንዲለቁት ጻፊልኝ።» ጻፍኩላት። በቆንጆ ጣሊያንኛ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ፣ ከሦስት ቃል በላይ። ማታ ቤት ስገባ ለእናቴ ሰጠኋትና እሳት ውስጥ ከተተችው። እሷ ከተተችው እላለሁ፤ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ዝናቡ ሲገባ ልጅቷ ከነጭራሹ ቀረች። ሱዎራ ሄጄ ምክንያቱን እንዳጣራ ላከችኝ። ያን ጠዋት ስነሳ ልነግራት ቆርጬ ነበር። ለሷም፣ ለእናቷም። ቢገድሉኝም ቢረግሙኝም ብዬ፣ በጭቃው መንገድ ሁሉ አረፍተ ነገሩን ስለማመድ ሄድኩ፤ አባትሽን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። አጭር ነው። ይህንን ለማለት ጌዴኦኛውን ሳይቀር ከገበያ ሴቶች አጣርቼ ይዤ ነበር።

ቤታቸው ከእንሰቱ መሃል ነው። እናትየዋ ስታየኝ ከእጄ እስከ ክንዴ ሳመችኝ። ለልጇ የደከመች አስተማሪ ናት ብላ፤ ባሏን እንዲለቁት ደብዳቤ የጻፈች ናት ብላ። በረንዳው ላይ ያለውን አንድ ለእናቱ በርጩማ አቀረበችልኝ፤ ራሷ መሬት ተቀመጠች። ከጓዳ ወተት በቅል ይዛ ወጣች፤ ገና ትኩስ ነው፣ አረፋው አልጠፋም።

«ጠጣ» አለችኝ። «ጠጣ፣ ልጄ።»

ቅሉን ተቀበልኩ። በሁለት እጄ ያዝኩት። አረፍተ ነገሩ አፌ ውስጥ ነበር።

«ጠጪ ነው የሚባለው» አለች ልጅቷ ለእናቷ፣ በቀስታ። ከበሩ መቃን ተደግፋ ቆማ ነበር። አድጋለች፤ ፊቷ ከስቷል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። የቀረችበትን ምክንያት ልጠይቅ እንደመጣሁ ታውቃለች፤ ደብተሩን ታውቀዋለች። ቆም አለች። ቃሉን አገላበጠችው።

«ላሟ ወለደች» አለችኝ። «እናቴ ታማለች። አባቴ አልመጣም።»

ጠጣሁት፤ እስከ መጨረሻው። ቅሉን ሳወርድ እሷ አሁንም እያየችኝ ነበር፤ እንደ ድሮው፣ እየጠበቀች። ያን ሁሉ መንገድ ስለማመደው የመጣሁት አረፍተ ነገር የት እንደሄደ አላውቅም።

«ጎበዝ» አልኳት።